ልጄ ጠበል ቦታ ተኛ፣ ቤት ሲገባ እንቅልፉ ጠፋ

ጥያቄ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን የራሴን ጉዳይ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ17 ዓመት ልጅ አለኝ። 11ኛ ክፍል ነው። የምንኖረው አያት አካባቢ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ልጄ የሚተኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ችግሩ ይሄ ነው፤ አይተኛም። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ አንዳንዴ እስከ 9 ሰዓት ዓይኑ ፈጦ ይቆያል። ሰርቪሱ ደግሞ ከሁሉም አስቀድሞ የሚጭነው የእኛን ሰፈር ስለሆነ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ በር ላይ ነው። ትምህርት የሚጀምረው 2 ሰዓት ነው። ጠዋት እሱን ለማስነሳት የማልሆነው የለም። እጠራዋለሁ፣ እነቀንቀዋለሁ፣ ብርድ ልብሱን እገፈዋለሁ። "እሺ እማዬ" ይልና መልሶ ይተኛል። ሰርቪሱ ስንት ጊዜ ጥሎት እንደሄደ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ክፍል ውስጥም እንደሚተኛ መምህሩ ነግረውኛል። ቅዳሜና እሁድ ካልቀሰቀሱት እስከ 6 ሰዓት አይነሳም። ማታ እራት በልተን ቡና አፈላለሁ። ለጥናት እንዲበረታ ብዬ ለእሱም እሰጠዋለሁ።

ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነስቶ፣ ሻይ አፍልቶ ጠጥቶ ይወጣል። ማታ ዜናውንና ውይይቱን ሳያይ አይተኛም፣ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ይቆያል። ለእሱ ልጁ ሰነፍ ነው፣ አለቀ። "እኔ በሱ ዕድሜ ከብት አሰማርቼ፣ ውሃ ቀድቼ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው" ይላል። ባለፈው በዕረፍት ቀኑ በጆግ ውሃ ደፋበት። ልጁ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ከአባቱ ጋር አይነጋገሩም። አሁን ባለቤቴ "ለሚቀጥለው ዓመት የምከፍለው የለኝም፣ ወንድሜ ሱቅ ገብቶ ይሥራ" እያለ ነው።

አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል። በፍልሰታ አማቴ "ይሄ ዓይነ ጥላ ነው" ብለው እንጦጦ ጠበል አስገቡት። አባቱ የዓመት ፈቃድ ወስዶ አብሮት ሄደ። ሁለቱን ሱባዔ እዚያው ቆዩ። መጀመሪያ ላይ ከብዶት ነበር። በኋላ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ንጋት ላይ ደግሞ ራሱ ይነሳል አሉኝ። ስልኩን እኔ ጋ ትቶት ነበር የሄደው። ቤት በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ግን ዞሮ እንደ ድሮው ሆነ። አማቴ "ጾሙን አፍርሶ ነው" ይላሉ። ባለቤቴ "ሲፈልግ እንደሚችል በዓይኔ አየሁ፣ አሁን አውቆ ነው" ይላል።

ጎረቤቴ ከአሜሪካ የመጣ ሜላቶኒን የሚባል ከረሜላ የመሰለ ነገር ሰጥታኛለች። ልስጠው? ልጄ ታሟል? ወይስ አባቱ እውነቱን ነው? በሁለቱ መካከል ሆኜ ደከመኝ።

ግራ የገባት እናት፣ ከአያት

መልስ

እህቴ፣ ስለ ልጅሽና ስለ ባለቤትሽ እንቅልፍ በደንብ ነግረሽኛል። ስለ ራስሽ እንቅልፍ ግን አንድ መስመር የለም። ልጅሽ 9 ሰዓት ይተኛል፣ ባለቤትሽ 10 ሰዓት ተኩል ይነሳል። አንቺስ መቼ ነው የምትተኚው? ደከመኝ ማለትሽ አይገርምም። ይህን ጥያቄ ያዢልኝ።

ከጻፍሽልኝ ተነስቼ የሚመስለኝን ልንገርሽ። ልጅሽ ሰነፍ አይደለም። የታመመም አይመስለኝም። የሰውነቱ ሰዓት ዘግይቶበታል። ይህ ደግሞ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው፣ በውሃና በቁጣ ግን አይደለም። ማስረጃውን ራስሽ ጽፈሽልኛል። እንጦጦ!

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ስለዚህ ሰዓት ትንሽ ላውራሽ። አንጎላችን ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት ከፍ ብሎ፣ ወደ 20 ሺህ የሚሆኑ ሴሎች የተሰበሰቡባት ትንሽ ቦታ አለች። መቼ እንቅልፍ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደምንነቃ፣ የሰውነት ሙቀት መቼ እንደሚወርድ የምትመራው እሷ ናት። በብዙ ሰው ላይ ይህ ሰዓት አንድ ዙር የሚጨርሰው ልክ በ24 ሰዓት አይደለም። ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል። ስለዚህ በየቀኑ የሚያስተካክለው ነገር ይፈልጋል። ዋናው አስተካካይ ብርሃን ነው። ዓይናችን ውስጥ ሥራቸው ማየት ሳይሆን "ነጋ፣ መሸ" የሚለውን መልእክት ማድረስ የሆነ ሴሎች አሉ። ሲመሽ ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ይመነጫል፣ ሰውነትም ሌሊት መሆኑን ያውቃል። ማታ ብርሃን ሲበዛ ግን ሜላቶኒኑ ይታፈናል፣ ሰዓቱም ይዘገያል። የጠዋት ብርሃን ደግሞ ሰዓቱን ወደፊት ይጎትተዋል።

ጉርምስና ሲመጣ ይህ ሰዓት በራሱ ጊዜ ይዘገያል። አንድ ልጅ ስለተበላሸ ሳይሆን በየአገሩ ባሉ ጎረምሶችና ኮረዶች ላይ የታየ ነገር ነው። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየዘገየ ሄዶ ሃያ ዓመት አካባቢ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ተመልሶ ቀስ እያለ ይቀድማል። ቀን ሙሉ የሚጠራቀመው የእንቅልፍ ጫናም በዚህ ዕድሜ ቀስ ብሎ ነው የሚከማቸው። ስለዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ "ተኛ" ስትይው ለሰውነቱ ገና አመሻሽ ነው። ንጋት ላይ ስትነቀንቂው ደግሞ ለእሱ ድቅድቅ ሌሊት ነው። አንድ ጣሪያ ሥር፣ በተመሳሳይ ደቂቃ ባለቤትሽ በሌላ ሰዓት ላይ፣ ልጅሽ በሌላ ሰዓት ላይ ናቸው።

እስቲ አብረን እናስላው። በ9 ሰዓት ተኝቶ 12 ሰዓት ሳይሞላ የሚነሳ ልጅ ሦስት ሰዓት እንኳ አልተኛም። በ8 ሰዓት ከተኛም ከአራት ሰዓት በታች ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ክፍል ውስጥ መተኛቱን እኔ ስንፍና አልለውም። ባይተኛ ነበር የሚገርመኝ።

ባለቤትሽ "ሲፈልግ ይችላል" ይላል። የእሱን ነገር አልናቅኩትም፣ ባየው ነገር ነው የሚናገረው። ግን እንጦጦ ላይ የተለወጠው የልጁ ፈቃድ ብቻ ነው ወይ? ናትናኤል ክላይትማን የሚባል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነበር። በፈረንጆቹ 1938 ከተማሪው ጋር ኬንታኪ ውስጥ ማሞዝ ወደሚባለው ዋሻ ገባ። ለ32 ቀናት ያለ ፀሐይ ቆዩ። በዚያም ቀናቸውን የ28 ሰዓት ሊያደርጉት ሞከሩ። በዕድሜ የሚያንሰው ተማሪው ለመደው። ክላይትማን ግን ራሱ ሐሳቡን ያመነጨው፣ ከማንም በላይ እንዲሳካ የሚፈልገው ሰው ሆኖ ሳለ ሰውነቱ እምቢ አለው። የሰውነት ሰዓት ስለተፈለገ ብቻ አይታዘዝም።

አሁን እንጦጦ እንውጣ። እምነታችሁ የእናንተ ነው፣ ጠበሉን ከልብሽ የምታምኚበት ከሆነ እኔ የምቀንሰው ነገር የለም። ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ሱባዔዎች ልጅሽ ሌላም ብዙ ነገር አግኝቷል። ንጋት ላይ ይነሳል። ውጭ ነው የሚውለው፣ ዳገት ይወጣል፣ ይወርዳል። የነሐሴ ሰማይ ቢደምንም የውጭ ብርሃን ከሳሎን አምፖል ጋር አይወዳደርም። ቤት ውስጥ ማታ የሚበራው መብራት ከጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አያልፍም፣ ደመናማ ቀን ላይ ደጅ የቆመ ሰው ግን ብዙ ሺህ ሉክስ ያገኛል። ሲመሽ ደግሞ ጨለማ ነው። ቴሌቪዥን የለም። ስልኩ አንቺ ጋ ነው። ማታ ቡና የለም። አባቱም አጠገቡ ነው፣ ያለ ቁጣ።

ይሄን የሚመስል ነገር ሳይንሱም አይቶታል። በፈረንጆቹ 2013 የታተመ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ስምንት ሰዎችን ለአንድ ሳምንት ሮኪ ተራሮች ላይ ድንኳን ተክለው አሳደሯቸው። ባትሪ የለም፣ ስልክ የለም። ፀሐይና የእንጨት እሳት ብቻ። ሲመለሱ ሲለካ የሰውነት ሰዓታቸው በሁለት ሰዓት ገደማ ቀድሞ ተገኘ። ከሁሉም በላይ የተለወጡት ደግሞ ቀድሞ ሌሊት የሚያመሹት ነበሩ። የልጅሽ ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቤት ሲመለስ የድሮው ብርሃን፣ የድሮው ጨለማ ጠበቀው፣ ሰዓቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። አማትሽን በዚህ አትከራከሪያቸው። "ጠበሉ ጠቅሞታል፣ እዚያ የነበረውን ሥርዓት ደግሞ ቤት እናምጣው" በያቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ እገምታለሁ።

የአባትየው "ከብት አሰማርቼ" የሚለው ወሬም እዚሁ ላይ ነው የሚገባው። አልዋሸም። እሱ ያደገው ገጠር ከሆነ ማታ ኩራዝ ጠፍቶ ይተኛል፣ ጎህ ሲቀድ ሜዳ ላይ ነው። ጎረምሳ ሆኖም ሰዓቱን ፀሐይ ትጎትትለት ነበር። በሰሜን አርጀንቲና በሚኖሩ የቶባ ማኅበረሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት መብራት የገባላቸውንና ያልገባላቸውን አነጻጽሮ ነበር። መብራት ያልገባላቸው ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ጨምረው እንደሚተኙ ተገኘ። ልዩነቱ የመጣው በዋናነት ቀደም ብለው ስለሚተኙ ነው። ባለቤትሽ በልጅነቱ ጠንካራ ነበር። ልጅሽ የሚያድርበት ክፍል ግን የእሱ ዓይነት አይደለም።

ስለዚህ ክፍል ማውራት አለብን። ደብዳቤሽ ላይ እንደ ዋዛ ያለፍሽው ነገር ነው፣ እኔን ግን ያስቆመኝ እሱ ነው። ልጁ የሚተኛው ሳሎን ነው። ሳሎኑ ውስጥ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ቴሌቪዥን አለ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ አባቱ ተነስቶ ሻይ ያፈላል። መብራት ያበራል? ራዲዮ ይከፍታል? ልጁ ዛሬውኑ "እሺ፣ ከ3 ሰዓት ጀምሬ እተኛለሁ" ቢል እንኳ የት ይተኛል? አባቱ ከሚያየው ዜና ፊት ለፊት ነው? ደግሞ ሌላ ነገር አስቢ። የ17 ዓመት ልጅ ነው፣ በር የሚዘጋበት ክፍል የለውም። ሳሎኑ የእሱ የሚሆነው ሁላችሁም ስትተኙ ብቻ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ምን እንደሚያደርግ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ስልኩን ለመንጠቅ አይደለም፣ ለማወቅ። ምናልባት ከጓደኛ ጋር ያወራል። ምናልባት ያነባል። ምናልባትም ማንም የማይጠራው ሰዓት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። መልሱን ሳታውቂ ስልኩን ብትወስጂበት ያለውን ብቸኛ ክፍል እንደወሰድሽበት ነው የሚቆጥረው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከቡናው ልጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው። ካፌይን ከደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የጠጣው ስኒ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ግማሹ እዚያው አለ። አንቺ ያሰብሽው እንዲበረታ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የእሱ ስኒ ከምሳ በኋላ ይቁም። ቡናውን ማፍላት ግዴታ ከሆነ፣ ማታ ያለ ቡና እንዴት ይታደራል የምትይ ከሆነ፣ ለእሱ ሻይ ሳይሆን ወተት ወይም አጥሚት ስጪው። ሻይም ካፌይን አለው። ለጥናት ብለው ጫት የሚቅሙ ጓደኞች እንዳሉትም በዘዴ ጠይቂው። ካለ ሌላው ሁሉ ከመሞከሩ በፊት ማውራት ያለባችሁ ስለ እሱ ነው።

ቀጥሎ ቅዳሜና እሁድ። አሁን ያለበት ሁኔታ በየሳምንቱ አርብ ማታ ሰዓቷ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ወደሆነው ዳካር፣ ሴኔጋል በርሮ እሁድ ማታ እንደሚመለስ ሰው ነው። ሰኞ ጠዋት ሰውነቱ ገና ከሴኔጋል አልተመለሰም። ቢሆንም ከ6 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት በአንድ ጊዜ አትጎትቺው። የእንቅልፍ ዕዳ አለበት፣ መክፈል አለበት። ደግሞም የሰውነቱ ሰዓት ሌሊት እያለ የሚመጣ ብርሃን ሰዓቱን ከማስቀደም ይልቅ ሊያዘገየው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅዳሜን 4 ሰዓት ላይ ይነሳ። በሚቀጥለው ሳምንት 3 ሰዓት። ከዚያ 2 ሰዓት ተኩል። እዚያ ላይ ይቁም። እንደተነሳ ግን መጋረጃ መክፈት ብቻ አይበቃም፣ ደጅ ይውጣ። ግማሽ ሰዓት ይራመድ፣ ኳስ ይጫወት፣ ዳቦ ይግዛ። እኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች። ስዊድን ያለች እናት በታኅሣሥ ይህን ብመክራት ትስቅብኝ ነበር። በትምህርት ቀንም በረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ከመደፋት ሜዳ ይውጣ። ከትምህርት ሲመለስ በጣም ከደከመው ከ10 ሰዓት በፊት 20 ወይም 30 ደቂቃ ያሸልብ። ከዚያ በላይ ከተኛ የማታውን እንቅልፍ ይበላበታል።

ማታ ደግሞ የእንጦጦን ጨለማ ቤት ማምጣት ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ የሳሎኑ ትልቁ መብራት ይጥፋ፣ ትንሽ መብራት ይብቃ። ስልኮች መኝታ ቤት ቻርጅ ይደረጉ። የእሱ ብቻ ሳይሆን የአንቺም፣ የአባቱም። የሦስታችሁም ከሆነ ሕግ ይሆናል፣ የእሱ ብቻ ከሆነ ቅጣት ነው። "አላርሜ ስልኬ ላይ ነው" እንዳይልሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢለት። የሚተኛበትን ሰዓት ደግሞ በአንድ ቀን ወደ 3 አታምጪው። እንቅልፍ ሳይመጣ ሶፋ ላይ መገላበጥ ራሱ እንቅልፍ ያጠፋል። በየሦስት በየአራት ቀኑ ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ እያስቀደማችሁ ሂዱ።

ቴሌቪዥኑስ? እዚህ ላይ ነው ባለቤትሽን የምትፈልጊው። "ለልጁ ሲባል ዜናህን ዝጋ" ካልሽው ክርክር ነው የሚሆነው። እኔ ብሆን በሌላ በኩል ነበር የምመጣው። እሱ ራሱ 4 ሰዓት ተኩል ተኝቶ 10 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ከሆነ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚተኛው። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ቢያንስ ሰባት ነው። እሱ ደግሞ ሹፌር ነው፣ ከኋላው ስንት ነፍስ ተሸክሞ ነው የሚውለው። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው መሪ ላይ ዓይኑ ለአፍታ ሊከደን ይችላል፣ ራሱም አያውቀውም። ስለዚህ 3 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑ ቢጠፋ የመጀመሪያው ተጠቃሚ እሱ ነው። አንቺም ሁለተኛዋ። ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው የሚመለሰው። ንጋት ላይም ሻዩን ማታ አንቺ በፔርሙዝ ብታዘጋጂለትና ወጥ ቤት ቢጠጣው፣ የሳሎኑ መብራት ባይበራ፣ ለልጁ አንድ ሰዓት ተኩል ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ትተርፈዋለች።

ስለ ውሃው ደግሞ። ልጁ ዝም ማለቱ አስጨንቆኛል። በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ ሲቆጣ ከማየት ዝም ሲል ማየት ይከብዳል። አባቱ ይቅርታ ይጠይቅ ብዬ አልጽፍልሽም፣ ብዙ አባቶቻችን በአፍ አይችሉበትም። ግን ያ ሰው ከዓመት ፈቃዱ ላይ ሁለት ሱባዔ ቆርሶ ከልጁ ጋር ዳገት የወጣ ሰው ነው። የማይወድ አባት ይህን አያደርግም። "ምንም አትበለው፣ በዕረፍት ቀንህ ጠዋት ይዘኸው ወጣ በል፣ እንደ እንጦጦ" በዪው። የማስነሳቱን ሥራ ከቁጣ ወደ እግር ጉዞ ቢያዞረው ለሰዓቱም ብርሃን ያገኛል፣ ለሁለቱም መነጋገሪያ ይሆናል። ሱቅ የማስገባቱን ነገር ደግሞ ለጊዜው አትከራከሪው። "እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ታገሰኝ" ብቻ በዪው። ልጁ ባለበትም ይህ ወሬ እንዳይነሳ ለምኚው። ነገ ትምህርቴን ያስቆሙኛል ብሎ የሚያስብ ልጅ እንኳን በ3 ሰዓት በ9 ሰዓትም አይተኛም።

ሰርቪሱን እንደ ዕጣ ፈንታ አትቀበዪው። ከሁሉ ቀድሞ እናንተን የሚጭነው መንገዱ ስለሆነ ነው እንጂ ሕግ ስለሆነ አይደለም። ሾፌሩን አናግሪው፣ የሰፈራችሁን ሌሎች ወላጆችም። ካልሆነ ከሁለት ሦስት ልጆች ጋር ሆኖ በታክሲ 12:50 አካባቢ መውጣት ይቻል እንደሆን አስሉት። የ35 ደቂቃ ተጨማሪ እንቅልፍ ትንሽ ይመስላል። ሲያትል ከተማ በፈረንጆቹ 2016 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿን መግቢያ ከጠዋቱ 1:50 ወደ 2:45 ገፋችው። ከዚያ ተመራማሪዎች ሲለኩ ተማሪዎቹ ያገኙት ጭማሪ በቀን 34 ደቂቃ ገደማ ነበር፣ እሱንም ትልቅ ለውጥ ነው ብለው ጻፉት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በፈረንጆቹ 2014 እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት እንዳይጀምሩ መክሯል። እኛ ጋ 2 ሰዓት መጀመሩን አንቺ ብቻሽን አትለውጪውም። በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ግን ቢነሳ አይከፋም። ለአሁኑ ስም ጠሪ መምህሩን አግኚና ልጁ ሰዓቱን እያስተካከለ መሆኑን ንገሪያቸው። መስኮት ዳር ያስቀምጡልሽ። ሰነፍ መስሏቸው ከሆነም ሐሳባቸውን ይለውጣሉ።

ከአሜሪካ የመጣውን ከረሜላ አትስጪው። ቢያንስ ሐኪም ሳታማክሪ። አሜሪካ ውስጥ ሜላቶኒን የሚሸጠው እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ተጨማሪ ምግብ ነው። በዚህ ምክንያት በማሸጊያው ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው መጠን ሳይመጣጠን የተገኘበት ጊዜ አለ። እንግሊዝ አገር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም። ደግሞ እንደ እንቅልፍ ክኒን አይደለም። ሰዓትን የሚያንቀሳቅሰው በትክክለኛው ሰዓት ሲወሰድ ነው፣ ያ ሰዓት ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ማታ ብርሃኑ፣ ቴሌቪዥኑና ቡናው እንዳለ ሆኖ እሱን መዋጥ ትርፉ ትንሽ ነው። ጎረቤትሽን አመስግነሽ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጪው።

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ልጁ በሚነቃበት ሰዓትስ እንዴት ነው? ከሰዓት በኋላና ማታ ይስቃል፣ ይበላል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል? ከሆነ ጥሩ። ቀን ሙሉ የሚከፋው፣ የሚወደውን ነገር የተወ፣ "መኖር ሰልችቶኛል" የሚል ዓይነት ወሬ ያመጣ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ፕሮግራም ተዪውና በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ ውሰጂው። በእንቅልፉ ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ወይም እያወራ፣ እየበላ ሳለ እንቅልፍ የሚጥለው ከሆነም እንዲሁ። እነዚህ ከሌሉ ግን አንድ ወር፣ አንድ ወር ተኩል ሳታቋርጡ ሞክሩት። አንዳንድ ልጅ ላይ መዘግየቱ ከሌሎች የባሰ ይሆንና በቤት ውስጥ ጥረት ብቻ አይመለስም፣ ያን ጊዜ ሐኪሙ የሚያደርገው ነገር አለ።

እስከዚያው አንድ ደብተር ለልጁ ስጪው። አንቺ ሳትሆኚ እሱ ራሱ ይሙላው። ስንት ሰዓት መብራት እንዳጠፋ፣ በግምት መቼ እንቅልፍ እንደወሰደው፣ መቼ እንደነቃ፣ ጠዋት ደጅ ወጥቶ እንደሆነ፣ ቡና ጠጥቶ እንደሆነ። ሰዓቱን ማየት እንቅልፍ እንዳይነሳው ጠዋት ላይ ይጻፈው። ሐኪም ጋ መሄድ ቢያስፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይህንን ነው።